ሃይማኖትን ማጥናት ለሰባኪ ብቻ ነው? የጌዴኦ መልስ

ሃይማኖትን በዩኒቨርሲቲ ማጥናት ከመድረክ አገልግሎት ውጭ እንጀራ እንደማይሆን ብዙዎች ያስባሉ። በጌዴኦ ዞን ከተማ በዲላና በዙሪያዋ ያለው እውነታ ግን ሌላ ይናገራል።

ተረት 1፦ «ሃይማኖት የሚያጠና ቄስ ወይም ፓስተር ሊሆን ነው።»

እውነታ፦ አገልጋይ የሚያሠለጥነው መንፈሳዊ ኮሌጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ሰዎች ምን እንደሚያምኑ፣ እምነታቸውም ከመሬት፣ ከዳኝነትና ከሥልጣን ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ለቅርስ ጥበቃም፣ ለጋዜጠኝነትም፣ ለእርዳታ ሥራም ይፈለጋል።

ተረት 2፦ «ሕገ መንግሥቱ ሃይማኖትን ከመንግሥት ስለለየ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማጥናት አይቻልም።»

እውነታ፦ አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ማለት ተማሪን ወደ አንድ እምነት መሳብ አይገባም ማለት ነው እንጂ እምነት አይመርመር ማለት አይደለም። ሃይማኖት በታሪክ፣ በአንትሮፖሎጂ፣ በሶሲዮሎጂና በሕግ ትምህርት ውስጥ ይጠናል።

ተረት 3፦ «ጌዴኦ ዛሬ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፤ የድሮውን እምነት ማጥናት ምን ይረባል?»

እውነታ፦ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በቡናውና በእንሰቱ ብቻ አይደለም። ከነባሩ እምነት ጋር የተያያዙ ሥርዓቶች የሚፈጸሙባቸው ደኖችና ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው ትክል ድንጋዮችም የቅርሱ አካል ናቸው። ዛፉ ለምን እንደማይቆረጥ ያልገባው ባለሙያ ደኑን በአጥርና በዘበኛ ብቻ ሊጠብቅ ይሞክራል፤ መቁረጡን የከለከለውን እምነት ግን አያውቀውም። ማጌኖ የሚባለውን አምላክ፣ የደራሮን የምስጋና በዓል፣ ሽማግሌዎች የሚሸንጉበትን ሶንጎ ሳያጠኑ ይህን ቅርስ ለጎብኚ ማስረዳትም ይከብዳል።

ድንጋዮቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ የተደረገ የካርበን ምርመራ የትክል ድንጋዮቹን ዕድሜ ቀድሞ ከሚታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ወዳለው የመጀመሪያ መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወስዶታል። ላቦራቶሪ ዘመኑን ይነግረናል፤ ሕዝቡ ድንጋዮቹን ለምን እንዳከበራቸው ግን አይነግረንም። ያንን የሚጠይቀው የሃይማኖት ጥናት ነው።

ተረት 4፦ «ለኑሮ የሚጠቅም ነገር የለውም።»

እውነታ፦ በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ ደም የፈሰሰበት ጠብ የሚዘጋበት ጎንዶሮ የተባለ የእርቅ ሥርዓት አለ። ይህን ተራ ድግስ አድርጎ የሚያይ ሹም ወይም የእርዳታ ሠራተኛ፣ ተፈናቃዩ ቤት ተሠርቶለት እንኳ እርቁ ሳይፈጸም ወደ ቀዬው ለመመለስ ለምን እንደሚያመነታ ላይገባው ይችላል።

ሃይማኖትን ማጥናት ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ከሕግ፣ ከቱሪዝም ወይም ከደን ልማት ጋር አጣምሮ ያጠናው ግን፣ ሌላው ባለሙያ ሳያየው የሚያልፈውን ጉዳይ ያያል።