ኳስ በማይመታባቸው ወራት፦ የአሰልጣኝ ለውጥ፣ ምልመላና የትንንሽ ከተሞች ተጫዋቾች ከሐይቅና ከአምባሰል አንጻር



ስለ እግር ኳስ በአደባባይ ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው በውድድር ዘመኑ በሜዳ ላይ የሚታየውን ነው፤ ማን አሸነፈ፣ ማን ወረደ፣ ግቡን ማን አስቆጠረ። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ሜዳው በዝናብ ርሶ የዳኛ ፊሽካ ስለማይሰማባቸው ወራት ነው። አሰልጣኝ የሚሰናበተውና የሚሾመው፣ ተጫዋች ውሉ የሚያልቀውና አዲስ ክለብ የሚፈልገው በአብዛኛው በክረምት ነው። የብዙ ወጣቶች የኳስ ሕይወት የሚወሰነውም ሰው በሚያይበት ዘጠና ደቂቃ ሳይሆን ሰው በማያይበት በዚህ ወቅት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በምትገኘው ሐይቅ፣ ወይም ከእርሷ አልፎ በአምባሰሏ ውጫሌ ኳስ የሚጫወት ልጅ በክረምት ምን ይገጥመዋል? ያሳደገው አሰልጣኝና ያሳደገው ቡድንስ ምን ይተርፋቸዋል? የችሎታና የገንዘብ እጥረት መኖሩን አልክድም። ሆኖም ከሁለቱም በፊት የሚጎድለው መዝገብ መሆኑን ላስረዳ እሞክራለሁ።

የውድድር ዘመንና የበጀት ዘመን

በአገራችን የወንዶች እግር ኳስ መሰላል ላይኛው እርከን በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሪምየር ሊግ ነው። ከእርሱ ሥር ከፍተኛ ሊግ፣ ቀጥሎ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያም የክልልና የዞን ውድድሮች ይገኛሉ። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ ቡድኖች በከፍተኛ ሊግ የተጫወቱ ስለሆኑ ለሐይቅና ለአምባሰል ልጅ ቅርቡ በር እነርሱ ናቸው።

አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች፣ በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ወይም በጸጥታ ተቋማት ነው። በመሆኑም የክለቡ ኑሮ ከትኬት ገቢ ይልቅ በበጀት ላይ የተመሠረተ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የተጫዋቾች ውልም የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ የአንዲት አነስተኛ ከተማ ቡድን ተጫዋቾቹን ለማቆየት በሚጣደፍበት ወቅት የከተማዋ ምክር ቤት ገና በጀት አላጸደቀም። የቡድኑ ኃላፊ ለተጫዋቹ ሊሰጠው የሚችለው «ታገሥ» የሚል ቃል ብቻ ነው። በባንክ ወይም በትልቅ ድርጅት የሚደገፈው ክለብ ግን በሐምሌ ያስፈርማል። አነስተኛው ክለብ ገንዘቡ ሲለቀቅለት ነሐሴ ይጋመሳል፤ መስከረምም ሊጠባ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚያገኘው ሌሎች መርጠው የተዉትን ነው።

ውሎች በአንድና በሁለት ዓመት የሚያጥሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የበጀት ተቋም ከሚቀጥለው ዓመት አልፎ ቃል ለመግባት ይቸገራል። ስለ ተጫዋች ክፍያ በአገር ደረጃ የተደረገው ክርክርም ይህን ሥር አልነካውም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ያን ጊዜ ስለ ጣሪያው ብዙ ተባለ። ስለ ወለሉ፣ ማለትም በታችኛው ሊግ ደመወዙ ወራት ስለሚዘገይበት ተጫዋች የተባለው ግን ጥቂት ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር የፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ በሕገ ወጥ መንገድ ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ነገር ግን የውሉን ቅጂ በእጁ ያልያዘ ተጫዋች በምን ያስረዳል?

አሰልጣኝ ሲለወጥ

የአሰልጣኝ ለውጥ ከዚሁ የጊዜ አለመጣጣም ይወለዳል። ዘግይቶ የተቀጠረ አሰልጣኝ ቡድን ለመሥራት የሚቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት የማያውቀውን ወጣት ከመሞከር ይልቅ ቀድሞ አብረውት የሠሩትን ተጫዋቾች ይጠራል። ይህን በአድልዎ ብቻ መተርጎም ተገቢ አይመስለኝም። ሥራው በጥቂት ጨዋታዎች ውጤት የሚመዘን ሰው የሚያውቀውን መምረጡ የሚጠበቅ ነው። ውጤት ሲጠፋ ግን ተሰናባቹ እርሱ ነው፤ ተተኪውም በተራው የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። በዚህ መሐል የሚወድቀው የተስፋ ቡድኑ ልጅ ነው። «በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዋናው ቡድን አሳድግሃለሁ» ያለው አሰልጣኝ ሄዷል፤ ቃሉም አብሮት ሄዷል።

በመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ወንበሩና ሣጥኑ ሳይቀር በርክክብ ይፈረምበታል። አሰልጣኝ ሲለቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስረክበው ኳስና መለያ ነው። የትኛው ልጅ ጉልበቱን ተጎድቶ እንደ ነበር፣ የትኛው ከተከላካይነት ወደ አማካይነት እየተለወጠ እንደ ነበር፣ የትኛው ቤተሰቡ ስለ ተቸገረ ከልምምድ ይቀር እንደ ነበር የሚገልጽ ወረቀት አይኖርም። ቡድኑ በየክረምቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የሰሜኑ ጎረቤታችን የወልድያ ታሪክ ይህን ለማየት ይረዳል። ወልድያ ከተማ በ2007 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊግ ተጫውቶ ወረደ፤ በ2009 ዓ.ም. ተመልሶ በ2010 መጨረሻ እንደገና ወረደ። በመካከሉ፣ በጥር 2009 ዓ.ም. በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተጠራው ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ተመርቋል። ለመውረዱ ብዙ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ስታዲየም መሥራትና ቡድንን ከዓመት ወደ ዓመት ማሻገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የሌላ አገር ልማድም እንመልከት። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሌጅ መለወጥ የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የጋራ መዝገብ አለ። በእነርሱ ዓይነቱ እግር ኳስ ዋና አሰልጣኝ ሲለቅ ለተጫዋቾቹ ለተወሰኑ ቀናት የተለየ መስኮት ይከፈትላቸዋል። ያ ሥርዓት የራሱ ብዙ ነቀፋ አለበት፤ እንዳለ እንቅዳው አልልም። ሆኖም አንድ እውነት ይቀበላል፤ ተጫዋቹ የመረጠው ተቋሙን ብቻ ሳይሆን አሰልጣኙንም ነበር፤ ስለዚህ አሰልጣኙ ሲሄድ ተጫዋቹም የሚጠየቅ ሰው ነው።

ከሜዳው ወደ ክለቡ

አሁን አንድ ልጅ በምሳሌነት እናስብ። ዕድሜው 17 ነው፤ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ተወልዶ በከተማዋ ይማራል። በሰኔ ፈተና ላይ ነው። በሐምሌ ደግሞ እርሻው ይፈልገዋል፤ ማሳው ይታረሳል፣ ጤፉ ይዘራል፣ አረሙ ይከተላል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚገኝ ክለብ ለሙከራ ቢጠራው የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪው የራሱ ነው፤ ጫማውም ከጓደኛ የተዋሰው ሊሆን ይችላል። ሙከራው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መልሱ «እንጠራሃለን» ነው። ክለቡ በጀት ስለሚጠብቅ መልሱ ይዘገያል፤ ልጁም ትምህርቱን ልመዝገብ ወይስ ልጠብቅ በሚል ሐሳብ መስከረምን ያሳልፋል። ለክለቡ የጥቂት ሳምንታት መዘግየት ነው፤ ለልጁ ግን የአንድ የትምህርት ዓመት ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል።

ይህ ልጅ በሕጋችን አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ወላጁ ወይም አሳዳሪው ሳያውቅ የሚፈርመው ወረቀት ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። የፊፋ ደንብም ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይዋዋል ይከለክላል፤ ከአገር ወደ አገር መዛወርንም ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቅድለትም። «ውጭ አገር ላስገባህ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ወደ ልጁ ቤት ቢመጣ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ይህንን ነው።

ያሳደገ ምን ያገኛል?

በ1993 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፊፋ የዝውውር ደንብ ያሳደጉ ክለቦች የሚካሱባቸውን ሁለት መንገዶች አበጅቷል። አንደኛው የማሠልጠኛ ካሣ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በሌላ አገር የመጀመሪያውን የባለሙያ ውል ሲፈርም፣ ከዚያም 23 ዓመት እስከሚሞላው ዓመት ፍጻሜ ድረስ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ይከፈላል። ሁለተኛው የአብሮነት ክፍያ የምንለው ነው። ውል ያለው ተጫዋች በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ ይደርሳል።

በቁጥር እንየው። ተጫዋቹ በ100 ሺህ ዶላር ተሸጠ እንበል። ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ያሳደገው አንድ ቡድን ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት 1 ሺህ ዶላር፣ ለቀሩት ሁለት ዓመታት ሌላ 1 ሺህ፣ በድምሩ 2 ሺህ ዶላር ይገባዋል። ለትልቅ ክለብ ኢምንት ነው። ለአንድ የወረዳ የታዳጊዎች ቡድን ግን ኳስ፣ ጫማና የመጓጓዣ ወጪ ነው።

ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ቡድኑ በፌዴሬሽን የታቀፈ መሆን አለበት፤ ልጁ በየዓመቱ በቡድኑ ስም ተመዝግቦ መገኘት አለበት፤ ሲሸጥም ውል ያለው መሆን አለበት። በ2014 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲዛወር ክለቦቹ ለድርድር የተቀመጡት ተጫዋቹ ውል ስለ ነበረው ነው። በአንድ ዓመት ውል የሚኖርና በየሰኔው ነጻ የሚወጣ ተጫዋች ግን ያለ ዋጋ ይሄዳል፤ ከባዶ ላይ 5 በመቶ ባዶ ነው። አሳዳጊው ክለብ ተለይቶ ካልታወቀ ደግሞ ድርሻው ልጁን ያሳደገው ሜዳ ድረስ አይደርስም።

ይህ ክፍያ በዋናነት ከአገር ወደ አገር ለሚደረግ ዝውውር የተበጀ መሆኑንም ልብ እንበል። ከሐይቅ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ በአገር ውስጥ ደንብና በክለቦች ስምምነት ይመራል። ያለ መዝገብ ግን ስምምነትም የሚቆምበት መሬት የለውም።

ከማን ተማርህ?

ይህ ለእኛ አካባቢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት ወደ ብዙ አገር ተበትነዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በእርሳቸው ዘንድ እንደ ተማሩ በትውፊት ይታወቃል። የአብነት ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር ሲዘዋወር «ከማን ተማርህ?» ይባላል፤ መልሱም ይከበራል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም ደረሳው ከሼህ ወደ ሼህ ይዘዋወራል፤ የሚቀበለው ኢጃዛም የመምህራኑን ሰንሰለት ይዞ ይሄዳል። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው እንዲሄድ ይፈቀድለታል፤ ያስተማረው ሰው ስም ግን አይጠፋም። ከኳሱ የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። ልጁን ማሰር መፍትሔ አይሆንም፤ ይሂድ፤ ከማን እንደ ተማረ ግን ይጻፍ።

ምን ይደረግ?

ሦስት ሥራዎችን አቀርባለሁ፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው የተጫዋች ማኅደር ነው። እያንዳንዱ የታዳጊዎች ፕሮጀክትና የወረዳ ቡድን ሰኔ ሳይዘጋ የልጁን ስም እስከ አያት፣ የልደት ቀኑን፣ የተጫወተበትን ዘመንና ያሠለጠነውን ሰው ስም መዝግቦ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለፌዴሬሽኑ ይስጥ። ለአቅመ ታቀፉ የደረሱ ቡድኖችም በፌዴሬሽን ይመዝገቡ።

ሁለተኛው የአሰልጣኝ ርክክብ ነው። ከተሰናባቹ አሰልጣኝ የመጨረሻው ክፍያ በፊት ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች የተጻፈ አንድ ገጽ ማስረከብ በውሉ ይግባ። አዲሱ አሰልጣኝ የራሱን ተጫዋቾች ማምጣቱ አይቀርም፤ ሆኖም ያሉትን ሳያውቅ እንዳያሰናብት ይረዳዋል።

ሦስተኛው የሙከራ ሥነ ሥርዓት ነው። ክለቦች ለትምህርት ቤቶች የሙከራውን ቀን ከፈተና ውጭ አድርገው ያሳውቁ፤ መልሱንም ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ፣ በጽሑፍ ይስጡ። ወላጅም ያላነበበውንና ቅጂው ያልተሰጠውን ውል አይፈርም።

በዚህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ አለን። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎቻችን ለተግባር ልምምድ ሲወጡ የፉጨትና የሾጣጣ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመዝገብ ሥራም እንዲሠሩ ማድረግ እንችላለን። አንድ ተማሪ በአንድ ወር የአንድ ወረዳን ታዳጊዎች ዝርዝር ማጠናቀር አያቅተውም።

የአንድ ልጅ ችሎታ ክረምትን ተሻግሮ መስከረም ላይ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ነው፤ ምግብ፣ ሜዳ፣ ጤና፣ ዕድል። ብዙዎቹ ከአቅማችን በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ስሙን በትክክል መጻፍና የጻፍነውን መጠበቅ ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም።