ከኮሶው በላይ ሊያሳስበን የሚገባ

ፌርፋክስ ላይ ክትፎ ሲታዘዝ የሚነሳው ወግ ያው ነው። አንዱ «ጥሬ ይሁን ለብለብ?» ይላል፣ ሌላው ኮሶን ያነሳል፣ ሦስተኛው «የአሜሪካ ሥጋ እኮ ተመርምሮ ነው የሚመጣው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህች «ተመርምሯል» የምትባለው ነገር ምን ማለት እንደሆነች ብንነጋገር ይበጀናል።

ምርመራው አለ። ኢ ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ የተገኘበት የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ከ1994 ጀምሮ መሸጥ የለበትም። ሳልሞኔላ ግን በጥሬ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ሽያጩ አይከለከልም። ሸማቹ እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያበስለዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ክትፎ በላተኛውን ማንም አላሰበውም።

ችግሩ ሆድ ቁርጠት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። ከጁን 2018 እስከ ማርች 2019 ድረስ አዚትሮማይሲን የሚባለውን መድኃኒት የተላመደ ሳልሞኔላ በአሜሪካ 255 ሰዎችን አሞ 2 ሰው ገድሏል። ምንጩ የበሬ ሥጋና በሜክሲኮ አሠራር የተዘጋጀ ለስላሳ አይብ ነበር። አዚትሮማይሲን ደግሞ በሽታው ሲጠና ሐኪሞች ከሚያዙት አንዱ ነው።

ባክቴሪያ መድኃኒት የሚላመደው መድኃኒቱ ሲበዛበት ነው። የተረፈው ይራባል፤ የመቋቋሚያውን ጂንም ኮድ ኮፒ እንደማድረግ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው ካሊፎርኒያ በ2015 ባወጣችውና በ2018 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ከብት ለማደለብ አንቲባዮቲክ መስጠትን የከለከለችው፤ ለሕክምናም የእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ግድ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚገዛው እዚህ የሚረባውን ከብት ነው። ገበያ ላይ ያለው ሥጋ ደግሞ ከሌሎች ስቴቶችም ይመጣል።

ታዲያ ክትፎ ይቅር? እኔ አልልም። ግን ራሳችንን አናታል። ሥጋውን ቀናት ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ኮሶን ይገድላል፣ ሳልሞኔላን ግን አይገድልም። ሚጥሚጣም አረቄም አይገድሉትም። ለብለብም ቢሆን መሃሉ ጥሬ ነው። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና ለታመመ ሰው በደንብ ይብሰል፤ እንግዳ ማክበር ማለት ይሄ ነው። ጥሬውን የመረጠ ጤነኛ ሰው ደግሞ አውቆ ይምረጥ። ባለ ሬስቶራንቶቻችንንም «ሥጋው ያለ አንቲባዮቲክ ያደገ ነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን ነጋዴ ያመጣዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ አንቲባዮቲክ መሳቢያ ውስጥ አለን። ሆድ በታወከ ቁጥር ከዚያ ሁለት ፍሬ መዋጥ ባክቴሪያውን ማሠልጠን ነው። ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ጥሬ ሥጋ በልቻለሁ» በሉ። የሰገራ ምርመራ ያዝዛል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም የሚታወቀው በዚያ ነው። ለማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ባህላችን ነው።