ማማ በሌለበት ሜዳ ማን ይቅደም?

ከበደሌ ወደ መቱ ሲጓዙ ያዮ አካባቢ መንገዱ በጫካ ታጅቦ ይጠማዘዛል። ቡና የጫነ አይሱዙ ጥምዙ ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ከወዲያ በኩል መልስ ካልሰማ መንገዱ ባዶ ነው ብሎ ይነዳል። አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም። አንዳንዴ ግን ከወዲያ የሚመጣው መኪና ጡሩምባው የተበላሸ ይሆናል።

የመቆጣጠሪያ ማማ በሌላቸው የአውሮፕላን ማረፊያዎች የሚሠሩ አብራሪዎች ኑሯቸው ይኸው ነው። «አንተ ቅደም፣ አንተ ቆይ» የሚል ሰው የለም። ሁሉም በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ የት እንዳለና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይናገራል፣ ሌላውን ያዳምጣል፣ በዓይኑ ይፈልጋል። ይህ የድሃ አገር አሠራር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት 5,000 ያህል ማረፊያዎች ውስጥ ማማ ያላቸው ከ10 አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው።

ኢሉባቦርም ለእንዲህ ያለ ሜዳ እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በዳኮታ አውሮፕላኖች ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በደቡብ ምዕራብ ከሚያርፍባቸው ትናንሽ ሜዳዎች አንዱ ጎሬ ነበር። አስፋልት የለም፤ ዝናብ ግን ሞልቷል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ የሚያርፍ አብራሪ የመጀመሪያ ሥራው ማረፍ አይደለም። ዝቅ ብሎ በሜዳው ላይ ያልፋል፤ ሣር የሚግጠው ከብት ይደነብራል፣ እረኛው ይሯሯጣል፣ አብራሪውም ጭቃውንና የንፋሱን አቅጣጫ አይቶ ዞሮ ይመለሳል።

ከባዱ ግን ሁለት አውሮፕላኖች ባንድ ጊዜ ሲመጡ ነው። «ሰማይ ሰፊ ነው፣ እንዴት ሳይተያዩ ይጋጫሉ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሰማዩ ሰፊ ቢሆንም አውሮፕላን ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያችው አንድ መንደርደሪያ ላይ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አይደለም። አጥርቶ የሚያየው በእይታው መሐል ያለችውን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። የቀረው ዳርቻ እንቅስቃሴ ይይዛል እንጂ ዝርዝር አይለይም። መጥፎው ነገር ደግሞ ሊጋጭህ የሚመጣ አውሮፕላን በመስታወትህ ላይ አለመንቀሳቀሱ ነው። ሁለቱም አቅጣጫና ፍጥነታቸውን ሳይቀይሩ ወደ አንድ ነጥብ ሲሄዱ፣ አንዱ ለሌላው የሚታየው እዚያው ቦታ ላይ እንደተለጠፈ ነጥብ ነው። ቆሞ የሚታይ ነጥብ ደግሞ መስታወቱ ላይ ካለ ቆሻሻ አይለይም።

ቁጥሩን እንየው። ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢመጡ፣ በየሰከንዱ 111 ሜትር ይቀራረባሉ። አብራሪ ነገሩን አይቶ፣ ምን እንደሆነ ለይቶ፣ ወስኖና መሪውን አዙሮ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝ ድረስ 12.5 ሰከንድ ያህል እንደሚያስፈልገው የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ያስተምራል። ለግጭቱ ያን ያህል ሰከንድ ሲቀር በመሐላቸው ያለው ርቀት 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የክንፉ ስፋት 11 ሜትር የሆነው ሴስና 172 በዚያ ርቀት የሚታየው ከሙሉ ጨረቃ ትንሽ አንሶ ነው፤ ያውም እንደ ጨረቃ የሞላ ሳይሆን እንደ ቀጭን መስመር። ድንገት ገዝፎ የሚታየው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው።

የጎሬ ዓይነቱ ደጋ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ 18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያነብ አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው በ110 ገደማ ነው። ለመነሳትም ረጅም መንደርደር ይጠይቀዋል፤ መንደርደሪያው ላይ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። ኮረብታ ከመሐል ከገባ ደግሞ ሬዲዮው አይሰማም፤ የአውሮፕላን ሬዲዮ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ አይዞርም።

ለዚህ ሁሉ አብራሪዎች ያበጁት መላ ዙር ነው። የሚያርፍ ሁሉ እንደፈለገው አይገባም። ከመሬት 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በመንደርደሪያው ጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ይበራል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ እንደገና ወደ ግራ ታጥፎ ከመንደርደሪያው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። በየመታጠፊያው ስሙን፣ ቦታውንና የመንደርደሪያውን ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ የዘፈቀደ አይደለም፤ 13 ማለት ኮምፓስ ላይ 130 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ሁሉም በዚሁ ዙር ከመጣ የት መፈለግ እንዳለበት ይታወቃል።

አንዱ ይህን ሲተው ምን እንደሚሆን በካሊፎርኒያዋ ዋትሰንቪል ነሐሴ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ታየ። አንዲት ሴስና 152 ዙሯን ጠብቃ ስትበር፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ሴስና 340 ከሩቅ ቀጥታ ገባ፤ ፍጥነቱም ለማረፍ ከሚገባው እጅግ የበለጠ ነበር። ሁለቱም በሬዲዮ ተናግረዋል። ሦስት ሰዎች ሞቱ።

የዚህን ጉዳይ ሁሉ ቋጠሮ የያዘው ግን ኅዳር 10 ቀን 1989 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት ኩዊንሲ ላይ የደረሰው ነው። ማማ የለም፤ የሚቆራረጡ መንደርደሪያዎች አሉ። አመሻሹ 11 ሰዓት ገደማ ላይ 12 ሰዎች የያዘ ቢችክራፍት 1900 በመንደርደሪያ 13 ሊያርፍ መጣ። በመንደርደሪያ 4 ጫፍ ላይ ደግሞ ኪንግ ኤር የተባለ አውሮፕላን ለመነሳት ቆሟል፤ ከኋላው አንዲት ትንሽ ፓይፐር ቸሮኪ ተራዋን ትጠብቃለች። የሚያርፈው አውሮፕላን ካፒቴን መንደርደሪያ 4 ላይ ያለውን ትቆያለህ ወይስ ትነሳለህ ብላ በሬዲዮ ጠየቀች።

ኪንግ ኤር ዝም አለ። መልስ የሰጠው ከኋላ የቆመው የቸሮኪ አብራሪ ነበር፦ ለመነሳት እየጠበቀ መሆኑን ተናገረ። የንግግሩ መጨረሻ ግን ያለፈችው በቢችክራፍቱ ውስጥ የከፍታ ማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲጮህ ነው። ካፒቴኗ የሰማችውን መልስ የኪንግ ኤሩ መስሏት አመሰገነች፤ አውሮፕላኑንም አሳረፈች። ኪንግ ኤርም ለመነሳት መንደርደር ጀመረ። መንደርደሪያዎቹ በሚቆራረጡበት ላይ ተጋጩ።

በሁለቱም ውስጥ የነበሩት 14 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የሚያሳዝነው፣ በቢችክራፍቱ ውስጥ የነበሩት ከግጭቱ ተርፈው ነበር። ሮጠው የደረሱ ሰዎች ካፒቴኗን በሕይወት አግኝተዋታል፤ በሩን ክፈቱልን ብላቸዋለች። በሩ ተጣብቆ አልከፈት አለ፤ እሳቱም ቀደማቸው። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት የጣሉት በጋራው ሞገድ ላይ በደንብ ባላዳመጡትና ዙሪያቸውን ባላዩት የኪንግ ኤር አብራሪዎች ላይ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን መልሱ ከማን እንደመጣ ሳይረጋገጥ መልስ ተብሎ መቆጠሩም አብሮ የሚታሰብ ነው። ስሙን ሳይናገር ስለሚመልስ ሰው፣ ወይም ስሙ ሳይሰማ ስለተቆረጠ መልስ፣ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ሬዲዮው ራሱም ሌላ ጉድለት አለው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ቁልፉን ቢጫኑ፣ ሦስተኛው የሚሰማው ፉጨት የመሰለ ጩኸት ብቻ ነው። የተናገሩት ሁለቱ ግን እየተናገሩ ስለሆነ መደፈናቸውን አያውቁም፤ እያንዳንዱ ሁሉም ሰማኝ ብሎ ይቀጥላል።

ታዲያ መፍትሔው ማማ መሥራት ነው? ማማ ብቻውን ዓይን አይሆንም። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን በዛምቢያ ንዶላ ላይ ሊያርፍ ሲገባ፣ በአቅራቢያው ገና በግንባታ ላይ በነበረ ማረፊያ ላይ አረፈ። ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ያናግረዋል፣ አውሮፕላኑ ግን አይታየውም። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። አዲስ ዘዴ ግን አለ። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ ከሳተላይት ወስደው በየሰከንዱ ያህል የሚያሠራጩበት መሣሪያ ሌላው አብራሪ በስክሪን እንዲያያቸው ያደርጋል። ስዊድን ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የኦርንሾልድስቪክን ማረፊያ በካሜራ አማካይነት ከሌላ ከተማ ሆና ትቆጣጠራለች።

ለጎሬና ለመቱ የሚሆን አዲስ ማረፊያ ግንባታ ተጀምሯል። አብራሪዎቹ በሬዲዮ የሚጠያየቁት እርስ በርሳቸው ነው፤ ሜዳውን ለሚያቋርጥ ሰውና ለሚግጥ በሬ ግን የሚደርስ ጥሪ የለም። ስለዚህ ማረፊያው ሥራ ሲጀምር በመንደርደሪያው ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ዞሮ ይሂድ፤ አጥሩ ተበጥሶ ያየም ለጥበቃው ይናገር።