የኤሲ ጋዝ አያልቅም፤ ያመልጣል

ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ለሾፌር መስኮት መክፈት ይበቃዋል። ወደ ፃግብጂ አልፎ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርድ ግን ሞተሩ፣ ፀሐዩና አቧራው ጋቢናውን ያፍኑታል። በሙቀት የዛለ ሰው ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጭነት ይዞ ሲወርድ እጅግ ያሳስበኛል።

ሰሞኑን አንድ እህል የሚያመላልስ ሾፌር መጣ። «ወንድሜ፣ ኤሲው ትኩስ አየር ነው የሚያወጣው፤ ጋዝ ሙላልኝ» አለኝ። በቅርቡ ሌላ ቦታ አስሞልቶ ነበር። ወገኖቼ፣ የኤሲ ጋዝ እንደ ናፍጣ አይቃጠልም። በታሸገ መስመር ውስጥ ይዞራል፤ ከጎደለ በሆነ በኩል ወጥቷል።

መኪናውን ስናየው ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ቺንጋውና ቬንትሌተሩ ደህና ናቸው። የኮምፕሬሰሩ ክላች ግን አይዝም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ተብሎ ውድ ዕቃ የሚገዛው። ጋዝ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ክላቹን የሚያጠፋው ኮምፕሬሰሩን ለማዳን ነው፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ስለሚዞር ያለ ጋዝ ቢሠራ ተፋጭቶ ይበላሻል። ጌጅ አሰርን። አር 134ኤ የተባለው ጋዝ ያለበት መስመር ሞተር ሳይነሳ፣ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከ80 ፒኤስአይ በላይ ማሳየት አለበት፤ የሱ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

ቦታውን የጠቆመን አቧራው ነው። ኮንዴንሰሩ መጋጠሚያ ላይ ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ ተለጥፏል። የሳሙና አረፋ ስንቀባው በቀረችው ጋዝ ፊኛ ሠራ። ኮረኮንቹ አላልቶት፣ ኦሪንጉም ደርቋል። ኦሪንጉን ለኤሲ በተሠራ ቀየርነው፤ ተራ ጎማ ይህን ጋዝና ዘይት ብዙ አይችልም። መስመሩ ስለተከፈተ ማድረቂያውም ተቀየረ። እባካችሁ፣ ፍሳሽ ለመፈለግ ኦክስጅን የምትነፉ ተዉ! ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ለዚህ የሚሆነው ደረቅ ናይትሮጅን ነው።

ቫኪዩም ስንስብ ጌጁ 23 ኢንች አካባቢ ቆመ፤ ረዳቴ «ፓምፑ ደክሟል» አለ። አልደከመም። ባሕር ወለል ላይ ወደ 30 ይጠጋል፤ በእኛ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ 23 ገደማ ስለሆነ መርፌው ከዚያ የሚያልፍበት መንገድ የለም። አዲስ አበባም ያው ነው። ስንት ደህና ፓምፕ በዚህ ምክንያት ተጥሏል! ማየት ያለባችሁ ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ካለበት መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ነው። ፓምፑን ቶሎ አታጥፉ፤ መስመር ውስጥ የገባው እርጥበት ተንኖ የሚወጣው በቫኪዩም ነው። ከቀረ በረዶ ሠርቶ ኤክስፓንሽን ቫልቩን ይዘጋል።

ጋዙን በሚዛን ሙሉ፤ ልኩ ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ በግራም አለ። ርካሽ ነው ብሎ የምግብ ማብሰያ ጋዝ የሚሞላላችሁ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ማቀዝቀዣው ያለው ዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ ያ ጋዝ ካመለጠ የሚገባው ጋቢና ውስጥ፣ ከእናንተና ከረዳታችሁ አጠገብ ነው።