በውርጭ ሌሊት ደጅ የሚያድረው የቀድሞ ወታደር

በአገራችን ክረምት ሲባል በሁላችንም አሳብ የሚመጣው ዝናቡ፥ ጭቃውና የወንዙ ሙላት ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ግን ክረምት ሌላ ነገር ነው። እኛ አዝመራችንን በምንሰበስብበት በኅዳር ወር እዚያ ብርዱ ይጀምርና እስከ መጋቢት ድረስ ይቆያል፤ በብዙው ክፍለ አገር በረዶ ምድሩን ይሸፍናል፥ ውሃውም በያለበት ይረጋል። በዚህ ወራት ቤት ያለው ሰው በሩን ዘግቶ፥ ማሞቂያውን ከፍቶ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ ቤት የሌለው ግን ሌሊቱን ከሞት ጋር ሲታገል ያነጋል። ደጅ ከሚያድሩትም መካከል አንድ ጊዜ ለአገራቸው ጠመንጃ ተሸክመው የዘመቱ ሰዎች መኖራቸውን ብዙዎቻችን ልብ አላልነው ይሆናል። ዛሬ ስለ እነርሱ ለአንባብያን ጥቂት መግለጽ እንወዳለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ለዘመድ ጥየቃ ዋሽንግተን ከተማ ሰንብተን ነበር። አንድ ቀን ከማታ ጸሎት ስንመለስ አንድ ሽማግሌ በአንድ ሕንፃ ጥግ፥ ከምድር ውስጥ ሞቃት እንፋሎት በሚወጣበት የብረት ፍርግርግ ላይ ተኝቶ አየን። በራሱ ላይ የጦር ክፍሉ ምልክት የተጠለፈበት ቆብ ደፍቶአል፤ በአጠገቡም ባዶ ጠርሙስ ወድቆአል። ብንጠራው የመለሰልን ቃል የተኮላተፈ ስለ ነበረ፥ ሰክሮአል ብለን ልናልፍ ተነሣን። በሆስፒታል ሕሙማንን በማስታመም የምትተዳደር አንዲት እኅታችን ግን ቆም አለችና፥ «መምህር፥ ይህ ሰው በዚህ ሁሉ ብርድ አይንቀጠቀጥም። ነገሩ ስካር ብቻ አይመስለኝም፤ እስቲ እጁን ይንኩት» አለችን። ብንነካው እጁ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። እርስዋ አምቡላንስ ስትጠራ እኛ ካፖርታችንን አውልቀን ደረብንለት። ሰውዬው ዳነ፤ ነገር ግን ከግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ።

ከልጅነታችን ጀምሮ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስንማር፥ ኋላም ለልጆች ስናስተምር የኖርን ሰዎች ነን። በዚያች ሌሊት ግን አይተው ከሚያልፉት ወገን ልንሆን ምንም አልቀረንም ነበር። ያሳሳተን ክፋት ሳይሆን አለማወቅ ነበርና፥ ያላወቅነውን ነገር ተምረን ለሌላው ማስተማር ግዴታችን መሆኑ ተሰማን።

የጤና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የሰው ሰውነት ሙቀት በጤናው ጊዜ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። መጀመሪያ ሰውዬው በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ሰውነት ሙቀት ለማግኘት የሚያደርገው ትግል ነው። ሙቀቱ እየወረደ ሲሄድ ግን መንቀጥቀጡ ይቆማል፥ አንደበቱ ይተሳሰራል፥ እግሩ ይንገዳገዳል፥ አሳቡ ይደባለቃል፥ እንቅልፍም ይጫነዋል። አንዳንዱም በመጨረሻ የሞቀው እየመሰለው ልብሱን አውልቆ ይጥላል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከስካር ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አንባቢ ራሱ ይመልከት። በእርግጥ ጠጥቶም ከሆነ አደጋው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። መጠጥ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውዬው የሞቀው ይመስለዋል፤ የውስጡ ሙቀት ግን ወደ ውጭ እየወጣ ያልቃል።

ደግሞም ብርድ የሚገድለው ውሃ በሚረጋበት ሌሊት ብቻ አይደለም። ልብሱ በዝናብ የራሰ፥ ነፋስ የሚያገኘው፥ በባዶ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ብርዱ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ቢሆንም እንኳ ሊሞት ይችላል። የእንፋሎቱ ፍርግርግም ወጥመድ ነው፤ ከበታች እያሞቀ ልብሱን ያረጥበዋል፥ ከዚያ የተነሣ ጊዜም ነፋሱ እርጥቡን ልብስ ያቀዘቅዘዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ያየ ሁሉ አስቀድሞ በትሕትና ይጥራው። የማይመልስ፥ ወይም ቃሉ የሚኮላተፍ፥ ወይም በብርድ ውስጥ መንቀጥቀጡ የቆመ ከሆነ፥ ሰክሮአል አልሰከረም ብሎ ሳይመራመር በአሜሪካ በ911 ስልክ ወዲያው ይደውል። እርዳታው እስኪደርስም ከነፋስ ይከልለው፤ የሚቻል ከሆነ እርጥቡን ልብስ በደረቅ ይለውጥለት፤ ከሁሉ አስቀድሞ ደረቱንና ራሱን ይሸፍንለት፤ ከበታቹም ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ ያንጥፍለት። ልቡ በቀላሉ ሊታወክ ስለሚችል ሲያንቀሳቅሰው አያንገላታው። አእምሮውን የሳተ ካልሆነ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ መስጠት መልካም ነው፤ አልኮል ግን ከቶ አይሰጥም። ውርጭ የመታው እጅና እግር አይታሽም፥ በእሳትም አይሞቅም፤ ደንዝዞአልና ሲቃጠል አይሰማውም። በድንኳን ወይም በመኪና ውስጥ ለመሞቅ ምድጃ ማንደድም እጅግ አደገኛ ነው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን እኛ ኢትዮጵያውያን አሳምረን እናውቃለን።

ይህ ሁሉ የአንዲት ሌሊት እርዳታ ነው። ነገር ግን አገሩን ያገለገለ ሰው ስለ ምን ደጅ ያድራል? በአሜሪካ በየዓመቱ በጥር ወር መጨረሻ፥ በብርዱ እኩሌታ፥ በጎ ፈቃደኞች ባትሪ ይዘው በየድልድዩ ሥርና በየጎዳናው ቤት የሌላቸውን ሰዎች በአንዲት ሌሊት ይቈጥራሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 በተደረገው ቈጠራ 32,882 የቀድሞ ወታደሮች ቤት አልባ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከእነዚህም ከ13 ሺህ የሚበልጡት ከመጠጊያ ውጭ የሚያድሩ ነበሩ።

ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። የቤት ኪራይ ውድነት አለ፤ ከጦር ሜዳ ይዘውት የተመለሱት የመንፈስ ጭንቀትና የሌሊት ቅዠት አለ፤ ያንን ለመርሳት የተጀመረ መጠጥ አለ፤ የትዳር መፍረስ አለ። አንዳንዱ ከሠራዊቱ የወጣው በመልካም ስንብት ስላልሆነ ብዙውን እርዳታ ያጣል። ወደ መጠጊያ ቤት ሂድ ሲባልም እንቢ የሚል አለ። ሁከቱን ይፈራል፥ ዕቃዬን እሰረቃለሁ ብሎ ይሠጋል፥ ወይም ብቸኛ ጓደኛው የሆነውን ውሻ አላስገባም ይሉታል። ሲያዝ የኖረ ሰው መለመንም ያፍራል። ያ ያገኘነው ሽማግሌ የስንብት ወረቀቱ ጠፍቶበት፥ እንደገና ለመጠየቅ አፍሮ፥ ሁለት ክረምት ሜዳ ላይ እንዳሳለፈ እኅታችን ኋላ ነግራናለች። የዚህ ወረቀት ግልባጭ በሴንት ሉዊስ ከሚገኘው የመንግሥት መዝገብ ቤት ተጠይቆ የሚገኝ ነው። አንድ ሰው አብሮት ተቀምጦ ማመልከቻውን ቢሞላለት ኖሮ እነዚያ ሁለት ጣቶች ባልተቈረጡ ነበር ማለት ነው።

ወታደርና ብርድ የቈየ ጠብ አላቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 በኅዳርና በታኅሣሥ በኮርያ ቾሲን በተባለው የውሃ ማጠራቀሚያ አካባቢ በተደረገው ጦርነት ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ፥ በሺህ የሚቈጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች እጅና እግራቸው በውርጭ ተመትቶአል። በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የእኛም የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የኮርያን ተራሮች ክረምት ቀምሶታል። አንድ ጊዜ በውርጭ የተጐዳ እግር ከዚያ በኋላ ብርድን መቋቋም አይችልም። ስለዚህ በወጣትነቱ በጦር ሜዳ በብርድ የተመታ ሰው በእርጅናው ሜዳ ላይ ሲያድር፥ ያው የቀድሞ ጠላቱ ተመልሶ ያገኘዋል።

ሆኖም ነገሩ መድኃኒት የሌለው አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ሰዎች በሳን ዲዬጎ ከተማ ድንኳን ተክለው፥ ቤት የሌላቸውን ጓደኞቻቸውን ለጥቂት ቀናት ሰብስበው መገቡ፥ አለበሱ፥ ሐኪም አቀረቡላቸው። «ስታንድ ዳውን» ብለው ሰየሙት፤ የደከመን ተዋጊ ከግንባር መልሶ ማሳረፍ ማለት ነው። ይህ ሥራ ዛሬ በብዙ ከተሞች ይደረጋል፤ በመጸው በሚደረገውም ለክረምቱ ካፖርትና ጫማ ይታደላል። በዋሽንግተን ከተማ ሕግ ደግሞ ብርዱ 0 ዲግሪ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይታወጃል፤ ከተማውም መጠጊያ ለሚሻ ሁሉ መጠጊያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን ቤት መሆኑን ልምድ አስተምሮአል። የአሜሪካ የቤቶች መሥሪያ ቤትና የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተባብረው፥ የኪራዩን ብዙውን ክፍል መንግሥት የሚከፍልበትን ደብዳቤ ለቀድሞው ወታደር ይሰጡታል፤ የሚከታተለውንም ሠራተኛ ይመድቡለታል። ይህ ሥራ በ1992 ተጀምሮ ከ2008 ወዲህ ተስፋፍቶአል። «መጀመሪያ መጠጥህን ተው፥ ከዚያ ቤት ታገኛለህ» ማለት ቀርቶ፥ መጀመሪያ ቤት ገብቶ ከዚያ እንዲታከም ተደረገ፤ ደጅ የሚያድር ሰው ሊታከም አይችልምና። በ2010 ቤት የሌላቸው የቀድሞ ወታደሮች ከ74 ሺህ ይበልጡ ነበር፤ በ14 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ሆነዋል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የቨርጂኒያ ግዛትም በ2015፥ ቤት ያጣ የቀድሞ ወታደር በተገኘ ጊዜ ፈጥኖ ቤት የሚያስገኝ ሥርዓት በማቋቋሙ ከግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያው ሆኖአል። እንግዲህ የቀሩት 32 ሺህ የማይቻል ነገር ምልክት ሳይሆኑ ያልተፈጸመ ሥራ ምልክት ናቸው።

በዚህ ሥራ የእኛ ቤተ ሰቦች ድርሻ ምንድን ነው? በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚኖሩት ምእመናን ብዙዎቹ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው። በመኪና ማቆሚያው፥ በታክሲው፥ በሆስፒታሉ፥ ሌሊቱን በሙሉ በሚከፈተው ሱቅ ይሠራሉ። ደጅ የሚያድረውን ሰው ከሌላው አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቤት አልባ ወታደሮች ሌሊትና ቀን የሚመልስበትን 877-424-3838 የተባለውን ስልክ በወረቀት ጽፎ መያዝ፥ ለሰውዬው መስጠት፥ ሲፈቅድም አብሮት መደወል ታላቅ እርዳታ ነው።

ቤት ያሉትም እናቶች የሚሠሩት አይጠፋም። የነቢያት ጾም የሚውለው በዚሁ በብርዱ ወራት ነው። ከማዕዱ የተረፈውን ገንዘብ ቤተ ሰቡ በአንድ ሣጥን ቢያጠራቅም፥ የሱፍ ካልሲ፥ ጓንት፥ የጆሮ መሸፈኛ ቆብና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ይገዛበታል። ካልሲ ትንሽ ነገር መስሎ አይታይ፤ እርጥብ ካልሲ እግር ያስቈርጣልና። ደግሞም ብዙ ሰው ልብስ የሚሰጠው በበዓል ሰሞን ነው። ልደት ካለፈ በኋላ ግን ብርዱ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ስለዚህ ከሣጥኑ እኩሌታውን ለየካቲት ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፥ በአንድ ደብር ያሉ ቤተ ሰቦች ቢተባበሩ ለማንም የሚከብድ አይሆንም።

በመጨረሻ ስለ አሰጣጡ አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። የቀድሞ ወታደር የሚታዘንለት ብቻ ሳይሆን የሚከበርም ሰው ነው። ቆሞ ከላይ ወደ ታች ከመስጠት ይልቅ ጐንበስ ብሎ ሰላምታ ማቅረብ፥ ስሙን መጠየቅ፥ የት እንደ ዘመተ ሲነግር ታግሦ መስማት ከካፖርቱ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነገር ነው። እኛም ይህን መልክ እናውቀዋለን። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት በተበተነ ጊዜ በወታደር ልብሳቸው ቁራጭ በየደጀ ሰላሙና በየጎዳናው ቆመው የነበሩት ወንድሞቻችን ከሳንቲሙ ይልቅ ያጡት ዐይን ለዐይን የሚያያቸውን ሰው ነበር።

ያ ሽማግሌ በፋሲካ ሰሞን አንዲት ክፍል አግኝቶ ገብቶአል። እኅታችን ልትጠይቀው በሄደች ጊዜ የክፍሉን ቁልፍ በእጁ እንደ ያዘ ተቀብሎአት፥ እስክትሄድ ድረስ ከእጁ አላኖረውም። እርስዋ ያን ሌሊት ከእኛ ጋር ባትኖር ኖሮ እኛ እናልፈው ነበር። አንባቢ ሆይ፥ በብርድ ሌሊት የተኛ ሰው ባየህ ጊዜ ሰክሮአል ብለህ ከመፍረድህ በፊት እጁን ንካው።