ከመንዝ ደጋ የወጣ ቤተሰብ

በመንዝ ደጋ አንድ ጎጆ ብቻውን ኖሮ አያውቅም። ገብሱ በደቦ ይታጨዳል፤ የጥቁሩን በግ ጠጉር ሴቶቹ ፈትለውት ወንዶቹ ባናና ዝተት አድርገው ይሠሩታል፤ ሬሳ በሰፈሩ ትከሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ዐራስ የምትጠበቀውም በጎረቤት ነው። የአገሩን የጋራ ኑሮ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን ጓሳ ነው። ይህ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተዘርግቶ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር ምድር፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ከመሆኑም በላይ፣ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር የሚቆጠሩት ባለመብቶች በየድርሻቸው ሹም መርጠው፣ ሣሩ እስኪጠና ሦስትም አምስትም ዓመት ምድሩን ዘግተው ያቆዩና፣ ጊዜው ሲደርስ በአዋጅ ከፍተው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ያጭዱት ነበር።

በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው ባሕር ተሻግሮ በባዕድ ከተማ ቤት ሲከራይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐድለው ቋንቋው ወይም ምግቡ ይመስለዋል፤ እኔ እንደምረዳው ግን ቀድሞ የሚጐድለው የኑሮውን ግማሽ ሸክም ሳይጠየቅ ይሸከምለት የነበረው ጎረቤት ነው።

ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኢትዮጵያዊ በብዛት በሁለት በር ገብቷል። አንደኛውን በር ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል ለወጡት የከፈተላቸው እ.ኤ.አ. በ1980 የተደነገገው የስደተኞች ሕግ ሲሆን፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ተደንግጎ ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውና ከዓለም ዙሪያ በዓመት እስከ 55,000 ሰው ሲቀበል የኖረው የዲቪ ዕጣ ነው። ዕጣው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመውን ሁሉ ስለሚያሳትፍ፣ በመንዝ መሀል ሜዳ ከተማ የተማረው የገበሬ ልጅም ከአዲስ አበባው ልጅ እኩል ተስፋ ያደርግበታል። ይሁን እንጂ ሕጉ ከባለዕጣው ጋር የሚያስከትለው የትዳር ጓደኛውንና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ስለሆነ፣ እናትና አባት፣ እኅትና ወንድም፣ በቤት ያደገችው የእኅት ልጅ ሁሉ ከደጅ ይቀራሉ። መንዜው ቤተሰቤ ብሎ ከሚቆጥረው ሰው የሚበዛው እንዲህ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይደርስ ይቀነሳል።

የዚህ መቀነስ ትርጉም በግልጥ የሚታየው ልጅ ሲወለድ ነው። በአገር ቤት የወለደች ሴት ወንዱ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ገንፎ እየተገነፋላት፣ ቅቤ እየተቀባች፣ እናቷና ጎረቤቶቿ እየተፈራረቁ ቤቷን ይዘውላት ትሰነብታለች። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ለወላድ የሚፈቅደው 12 ሳምንት ፈቃድ ደመወዝ የሌለው፣ እርሱም በአነስተኛ መሥሪያ ቤት ለሚሠራ የማይደርስ በመሆኑ፣ የቤት ኪራይ የሚያሳስባት እናት ወገቧ ሳይጠና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ገንፎውን የሚገነፋው ባል ነው፤ ካወቀበት። በመንዝ ማጀት የገባ ወንድ መሳቂያ እንደሚሆን ለምናውቅ ሰዎች፣ ያው ሰው በዋሽንግተን አካባቢ ሕፃን ሲያጥብ፣ ወጥ ሲያማስልና ልጅ አዝሎ ገበያ ሲወጣ ማየት ከስደት ትሩፋቶች አንዱ ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል፤ ምንም እንኳ ወደዚህ ያደረሰው የኅሊና መለወጥ ሳይሆን የችግር ግድ ቢሆንም።

ችግሩም የሰዓት ችግር ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ በሆስፒታልና በሆቴል የሚያገለግለው ብዙው ኢትዮጵያዊ የሚሠራው በፈረቃ ስለሆነ፣ አንዱ ሌሊት ሌላው ቀን የሚሠሩ ባልና ሚስት ልጃቸውን በር ላይ ተቀባብለው የሚለያዩበት ቤት ጥቂት አይደለም። ወደ አገር ቤት መደወልም የራሱ ስሌት አለው፤ በክረምታቸው ወራት የሰዓቱ ልዩነት ስምንት በመሆኑ፣ በዋሽንግተን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚደውል ልጅ እናቱን የሚቀሰቅሳት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ደግነቱ የመንዝ እናት በዚያ ሰዓት ተነሥታ እሳት ለማያያዝ ኩበቷን መደርደሯ አይቀርም።

እንጀራን በተመለከተ ጉዳዩ ከሚታሰበው ይቀላል። ጤፍ በአይዳሆ ግዛት መዘራት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንጀራውም በየሱቁ ይሸጣል። እንዲያውም የጓሳ ዙሪያ ብርድ ጤፍ ስለማያበቅል፣ ከቆላ በገበያ ከሚመጣው በቀር የደጋው ሰው የሚበላው የገብስ እንጀራና ቂጣ በመሆኑ፣ በሜሪላንድ የተወለደው የልጅ ልጅ አያቱ በልጅነቷ ካየችው የበለጠ የጤፍ እንጀራ ሳይበላ አልቀረም።

የስም ነገር ግን እንዲህ አይቀልም። በእኛ ልማድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሚስትም አግብታ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ የውጭው አገር መዝገብ ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ የመጨረሻ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ በፓስፖርቱ በሦስተኛ ተራ የተጻፈው የአያት ስም የቤት ስም ይሆንና፣ እዚያ የሚወለደው ልጅ በአባቱ ስም ፈንታ በቅድመ አያቱ ስም ይመዘገባል፤ እናቱም የሌላ ሰው ስም የያዘች በመሆኗ በትምህርት ቤቱ ደጅ ልጁ የእርሷ ለመሆኑ የምትጠየቅበት ጊዜ አለ። ትውልዱን ወደ ላይ ቆጥሮ ርስትም የጓሳ ሣርም ይካፈል ለነበረ ሕዝብ፣ ከዚያ ሁሉ የትውልድ ሐረግ አንዱ ብቻ ተነጥሎ በደብዳቤ ሣጥን ላይ መቅረቱ ያስገርማል።

ባለዕጣው ዜግነት ሲያገኝ ወላጆቹን ማስመጣት ስለሚፈቀድለት፣ ከዓመታት በኋላ አያት ትመጣለች። የምትጠራው በፍቅር ነው፤ ልጅ ለመጠበቅም ነው፤ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ጠዋት ሁሉም ይወጣሉ፤ እርሷ መኪና አትነዳ፣ የደጁን ቋንቋ አትሰማ፣ በረዶው ሲጥል ከመስኮት በቀር መውጫ የላት፤ የልጅ ልጆቿ በአማርኛ ስትጠራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱላታል። ቅዳሴ የምታስቀድሰው የሚወስዳት ሲገኝ እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በወርኃ ጽጌ የምታስበው የእመቤታችን ስደት፣ በትውፊቱ በሦስት ዓመት ከስድስት ወር በመልአክ ቃል ተፈጽሞ ወደ ናዝሬት መመለስ ሆኗል፤ የእነዚህ ባልቴቶች ስደት ግን መመለሻውን የሚነግር መልአክ ስለሌለው፣ ቀኑ በልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት መግባት ይወሰናል።

ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ ለቤት ሥራ የሄዱትን እኅቶቻችንን በዚህ ተርታ አላስገባም፤ እነርሱ ቤተሰብ ይዘው እንዲገቡ ስለማይፈቀድላቸው፣ እናትነታቸው በስልክና በሚልኩት ገንዘብ ብቻ የሚፈጸም፣ ልጃቸውም በአያት እጅ የሚያድግ በመሆኑ ጉዳያቸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያሻዋል።

ወደ ተነሣንበት ስንመለስ፣ የጓሳ ሰዎች የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቀሮው ሥርዓት አብሮ ፈርሶባቸው ነበር፤ ቆይተው ግን ምድራቸውን በኮሚቴ ይጠብቁት ጀመር። ስደተኛውም ከሞላ ጎደል እንዲሁ አድርጓል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የጽዋ ማኅበሩ ተቋቁሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሰኔ ወር መጨረሻ ግድም የተበታተነውን ዘመድ በእግር ኳስ ሰበብ በአንድ ከተማ ያገናኛል፤ የከተማይቱ አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ አማርኛን መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል።

ይሁንና ዕድሩ የሚሰበሰበው በዋናው ለሞት ነው፤ ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ሲሆን በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለዐራሷ የሚደርስ መተዳደሪያ ደንብ ግን አላየሁለትም። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ እናቶች ልጆቻቸውን በተራ የሚጠባበቁበት ልማድ እዚህም እዚያም ይታያል፤ መዝገብና ዳኛ የሌለው በመሆኑ ግን አንዷ ኪራዩ ወደሚረክስበት ሰፈር ስትዛወር ተራው ይፈርሳል፣ የቀሩትም ሌላ ጎረቤት እስኪያገኙ ወደ ፈረቃቸው ይመለሳሉ።