ሰው ስለ ምን ይሮጣል? ስለ ምንስ ሳያቋርጥ ይቀጥላል?

ሰው አንድን ሥራ የሚጀምርበት ምክንያትና ያንኑ ሥራ ጸንቶ የሚይዝበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንውል ሰዎች ይህን ነገር ከሙግት መዝገብ እናውቀዋለን፤ በቁጣ የተጀመረ ክስ ቁጣው ሲበርድ ይዘጋል፥ እውነተኛ ጥቅም ያለበትን ክስ ግን ቀጠሮው ቢበዛም ባለቤቱ አይተወውም። የሩጫም ነገር እንዲሁ ነው።

በአዲስ አበባ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ መስቀል አደባባይ፥ ወደ ጃንሜዳ ወይም ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጣው ሰው ሁሉ ሽልማት ፈላጊ አይደለም። አንዱ ሐኪም የደም ግፊትህ ከፍ ብሏል ስላለው ይሮጣል። ሌላው ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ስለሚውል ወገቡን ለማፍታታት ይወጣል። አንዲቱም ቤቷን ሐዘን ስላጨለመው፥ ከእንባ ላብ ይሻለኛል ብላ ትነሣለች። ምክንያታቸው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍርሃት ይረሳል፥ ሐዘንም በጊዜ ይቀላልና ያን ጊዜ ሯጩን ከመኝታው የሚያስነሣ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ገጠር ሲያድግ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ትምህርት ቤት ሮጦ ይሄድ፥ ሮጦም ይመለስ ነበር። ደብተሩን ይዞ ከመሮጡ የተነሣ ግራ ክንዱ እንደ ታጠፈ መሮጡ ኋላም የታወቀ ምልክቱ ሆነ። መጀመሪያ የሮጠው እንዳይዘገይ ነው። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ ማሸነፉን በራዲዮ በሰማ ጊዜ ግን የዕለት መንገዱ ሌላ ትርጉም አገኘ። አባቱ ሩጫውን ባይወዱለትም እርሱ አልተወውም፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ ተሸለመ።

የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ ቢሳነውም በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። እግሩ ቢከለከል እንኳ የመወዳደር ልማዱ ከልቡ አልወጣም።

የቤት እመቤቶች ደግሞ የኮሎኔል ደራርቱ ቱሉን ነገር ቢያስቡት እንወዳለን። የበቆጂዋ ልጅ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1990 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች። ብዙ ሰው ከወለደች በኋላ ሩጫዋ አበቃ ይል ይሆናል፤ እርሷ ግን በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ያንኑ ወርቅ እንደገና ወሰደች፥ በ2002 ዓ.ም.ም በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

እኛ ወርቅ አንጠብቅም፤ ጤና ግን ለሁላችን የተዘጋጀ ሽልማት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ፥ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ጥቂት ይራመድ፥ ጥቂት ይሩጥ፤ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር እስኪያቅተው ድረስ አይፍጠን፤ ሕመም ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና። ባልንጀራ መያዝም ይጠቅማል፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ ብርድ ልብሱን መግፈፍ ይቀላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያጸናው የቤተ ሰብ ፈቃድ ነው። ሚስቱ ስትወጣ ልጆቹን የሚጠብቅና ቁርስ የሚያሰናዳ ባል፥ ባሏም ሲወጣ የምታበረታታ ሚስት፥ ሁለቱም የሯጩን ግማሽ መንገድ ይሮጡለታል። በሳምንት ሦስት ጧት አንድ አንድ ሰዓት መስጠት ለአንድ ቤት ከባድ ዕዳ አይሆንም፤ የሚያተርፈው ግን ለልጆች የሚተርፍ ዕድሜ ነው።